የልጄን ድንጉላ ለማየት ቴክሳስ ደርሼ የመጣሁበት

ያን ዕለት ጠዋት የዘር ድንች እየለየሁ ነበር። ዓይን ያወጣውን ወዲህ፣ የላሸቀውን ወዲያ፣ ደቃቃውን ለመቀቀያ። ህይወት፣ ይቺው አሁን የምትጽፍልኝ የልጄ ልጅ፣ ስልኳን ከፍ አድርጋ እየሮጠች መጣችና «እምዬ፣ ጋሼ ዘላለም ነው፤ ቲኬቱ ተቆርጧል፣ ከነገ ወዲያ ትነሻለሽ» አለችኝ። እጄ አፈር እንደለበሰ ቀረ። ድንቹን የሚተክልልኝ ሰው እንኳ ገና አላገኘሁም ነበር። ምነው ያኔ ድንቼን ብተክል፣ እላለሁ አሁን።

ዘላለም የበኩር ልጄ ነው። አሜሪካ ከገባ አሥራ ሁለት ዓመቱ፤ ዳላስ በሚሉት አገር ትልቅ የጭነት መኪና ይነዳል። አባቱ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የፈረስ ሰው ነበር። በኛ በእንጅባራ ዙሪያ ፈረስ ያለው ሰው እንዴት እንደሚከበር የምታውቁ ታውቃላችሁ። የባሌ ድንጉላ ስሙ የወጣ ስለነበር ከሦስት ደብር ባዝራ ሊያስጠቁ ይመጡ ነበር። የሚመጣው ሰው ባዝራውን በአንድ እጁ ይስባል፣ በሌላው አንድ እቅፍ ሳር ለድንጉላው ይይዛል። በቃ፣ ሌላ ነገር የለም። ባሌም ሳሩን ሲያይ በሩን ይከፍታል። «ምን ፈልገህ ነው?» ብሎ መጠየቅ እንኳ ነውር ነው። ዋጋ መቀበልማ አይነሳም። «እሳትና ዘር ለጎረቤት አይከለከልም» ነበር የሚለው።

ዘላለም ባለፈው ዓመት በስልክ «እማ፣ ድንጉላ ገዛሁ» ሲለኝ አለቀስኩ። የሩጫ ፈረስ ነው አለ፤ ዘሩ እስከ ስንት ቤት ድረስ በወረቀት የተጻፈ፤ ጅማቱን ተጎድቶ ከውድድር የወጣ። ባዝራ ላላቸው ሰዎች እያስጠቃ ሊያስከፍል ነው ያሰበው። የመኪናው ወንበር ወገቡን ጨርሶታል። ሐኪሙ ከዚህ ዓመት ወዲያ ከነዳህ አልጋ ላይ ትቀራለህ ብሎታል። «አራት ባዝራ ብቻ በዚህ ወቅት ጽንስ ቢይዝልኝ ከመኪናው እወርዳለሁ፤ ስሙ ከወጣ ሌላው በራሱ ይመጣል» አለኝ። «መጥተሽ እይልኝ። የአባዬን አያያዝ የምታውቂው አንቺ ነሽ። ትመርቂልኛለሽ።»

እንግዲህ የሄድኩት ለዚህ ነው። ልመርቅለት ነው የሄድኩት።

ማክሰኞ ወጣሁ። መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ሰንብቶ ያን ሳምንት ተከፍቶ ነበር። በሚኒባስ ወደ ባሕር ዳር ስንሄድ ሹፌሩ «እማማ፣ ወዴት ነው እንዲህ ነጭ በነጭ ለብሰው?» አለኝ።

«ልጄ ፈረስ ገዝቶ፣ እሱን ላይ።»

«የት ነው ልጅዎ?»

«አሜሪካ።»

መኪናው ሙሉ ሳቀ። «እማማ፣ ፈረስ ለማየት አሜሪካ! ያው ሜዳው ላይ ሞልቶ የለም እንዴ፣ በነጻ ላቁምልዎ?» አለ። እኔም ሳቅሁ። ያኔ ሳቅ ነበረኝ።

ከባሕር ዳር አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ደግሞ ባሕር ተሻግሮ አንድ ቀን ሙሉ በሰማይ። ሁዳዴ ገብቶ ስለነበር ያመጡልኝን ዶሮ መለስኩት። አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ፣ እንጃ የማን ልጅ ናት፣ ዳቦዋንና ብርቱካኗን አንስታ እኔ ፊት አደረገችልኝ። «እኔም መጾም ነበረብኝ እማማ፣ ለእኔም ይጹሙልኝ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ ወሰዳት፤ ራሷ ትከሻዬ ላይ ነው ያደረው።

ሐሙስ ዳላስ ደረስኩ። መውጫው ላይ የቆመ ሰው በስልክ አስተርጓሚ አቀረበልኝና «በቅርቡ ከብት ወይም ፈረስ አጠገብ ነበሩ?» አለኝ። ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? «ልጄ፣ ከከብት ጋር ነው የምኖረው» አልኩት። እንዲህ ባልኩ ጊዜ ወደ ሌላ ክፍል ወስደው ጫማዬን አስወለቁኝና ሶሉን በመድኃኒት አጠቡት። እኛ አገር እንግዳ ሲመጣ እግሩ ይታጠባል፤ እዚያ የሚታጠበው ጫማው ነው። ለዘላለም ብዬ የያዝኳቸውን አምስት የዘር ድንቾች ወሰዱብኝ። በሶዬን አሽትተው መለሱልኝ።

ዘላለም ሲያቅፈኝ ጢሙ ሸብቶ አየሁት። ልጅ ከእናቱ ቀድሞ ይሸብታል? ወደ መኪናው ሲገባ ሁለት እጁን በሩ ላይ ጭኖ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ከዚያ ነው የሚቀመጠው። ሲወርድም እንደዚያው።

ሪቻርድሰን በሚባል ሰፈር፣ ፎቅ ላይ ነው ቤታቸው። ሚስቱ ሰብለ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ ሽማግሌዎች በሚጦሩበት ቤት ትሠራለች። ጨዋ ናት፤ «እማማ፣ እርስዎ ቁጭ ይበሉ» ትለኛለች ቀኑን ሙሉ። ቁጭ አልኩ። ዓርብ ሙሉ በመስኮት ሳይ ዋልኩ፤ ሰው እግሩን መሬት ላይ ሲያደርግ አላየሁም። ከቤት መኪና፣ ከመኪና ቤት። ጎረቤት ማነው ብላት ሰብለ «እንጃ እማማ፣ ሕንድ ይመስሉኛል፣ ቢዚ ናቸው» አለችኝ። እኛ ዘንድ የጎረቤቱን ስም የማያውቅ ሰው ሲሞት ማን ይቀብረዋል?

ቅዳሜ ድንጉላውን ለማየት ሄድን። መንገዱ እንደ ወንዝ ነው፣ ወዲያና ወዲህ መኪና ብቻ። ፍሪስኮ በሚሉት በኩል ስናልፍ ቤቱ ሁሉ አንድ ዓይነት፣ ጣሪያውም አንድ ዓይነት። «ይኸ ሁሉ ትናንት እርሻ ነበር እማ» አለኝ ዘላለም። ከዚያ ወዲያ፣ ቤቱ ገና ያልደረሰበት መሬት ላይ፣ ነጭ አጥር መጣ። ባለቤቲቱ ሚስ ጁን ትባላለች፤ ሰባ ዓመት ያለፋት፣ ቀጭን፣ የወንድ ሱሪ የለበሰች፣ ባሏ የሞተባት ሴት። ጋጣውን ለዘላለም አከራይታዋለች፤ የሌሎች ሰዎች ባዝሮችም እዚያው ያድራሉ።

ድንጉላው ዳማ ነው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ አለው፤ ቦራ አልኩት እኔ። በወረቀት ያለው ስሙ ረጅም ነው፣ አልያዝኩትም። ቁመቱ! የኛ ፈረስ ከሆዱ በታች ያልፋል። ግን ቆዳው ስስ፣ እንደ ሕፃን። ብርድ ልብስ አልብሰውታል። አፍንጫው ውስጥ ቀስ ብዬ ተነፈስኩለት፣ ባሌ እንደሚያደርገው። ጆሮውን ጣለልኝ። ዘላለም ዞር ብሎ ዓይኑን ጠረገ።

«ስንት ባዝራ አጠቃ?» አልኩት።

«ገና ነው እማ። አራት ባዝራ ቡክ ተደርጎልኛል። የመጀመሪያዋ የፊታችን ሐሙስ ትመጣለች።»

«ሳር ይዘው ነው የሚመጡት?»

ሳቀ። «ኮንትራክት ይዘው ነው። ሐኪም የባዝራዋን ማህፀን አይቶ ንጹሕ ናት የሚል ወረቀት ካልሰጠ ሚስ ጁን በሩን አትከፍትም። ቀልድ የለም እዚህ።»

«የዘር ዋጋ መቀበል አባትህ ቢሰማ...»

«አባዬ የወር ኪራይ አልነበረበትም እማ።»

እውነቱን ነው። ግን እንዲያው ልናገር፤ ስለ ወረቀቱ የነገረኝን ሰምቻለሁ። አልሰማሁም አልልም። እኔ የመሰለኝ ለሚከፍሉት ሰዎች ነው። ከሩቅ በመኪና ለሚመጡት። ጎረቤት እዚህ ውስጥ ይገባል ብዬ አላሰብኩም።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። እሱ ደስ ይላል፤ ነጠላ የለበሰ ሰው አየሁ። ከቅዳሴ በኋላ ብርሃኑ የሚባል ታክሲ ነጂ የዘላለም ጓደኛ መጣና «እሺ ባለ ድንጉላው፣ ሠርጉ መቼ ነው?» አለው።

«ሐሙስ።»

«በሁዳዴ? ሠርግ በሁዳዴ?»

«እሱ ፕሮቴስታንት ነው፣ ችግር የለም» አለ ዘላለም። ያ ሁሉ ሰው ሳቀ። ልጄ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው፤ ለካ ጥርሱ የአባቱ ነው። «ሐሙስ ካለፈ በኋላ የትራኩን ቁልፍ እሰጣቸዋለሁ፣ ሶ እናንተ ሹፌር ፈልጉ» እያለ ሲፎክር ነበር።

ሰኞ ዘላለም ለሦስት ቀን ጭነት ይዞ መሄድ ነበረበት። እኔ ፎቁ ላይ አልውልም አልኩ። ድንጉላው ዘንድ አድርሰኝ አልኩት። ሰብለ «እማማ እዚያ ከማን ጋር ያወራሉ?» አለች። «ከፈረሱ» አልኳት። ሚስ ጁን ስትጠየቅ እሺ ያለችው ወዲያው ነው። የሞተ ባሏን ካፖርትና ቦቲ አወጣችልኝ። ስልኳ ውስጥ አማርኛ የሚናገር ነገር አላት፤ እሷ ታወራለታለች፣ እሱ ወደ አማርኛ መልሶ ይነግረኛል። ድምፁ የወንድ ነው፤ እንደ አዋጅ ነው የሚናገረው። «ክቡር እንግዳችን ረሃብ ይሰማዎታልን?» አለኝ። ሁለታችንም ሳቅን።

ባቄላ ሠርታ አቀረበችልኝ፤ ስቀምሰው ሥጋ አለበት። በእጄ አይ አልኩ። ጾም ነው ብዬ ለስልኩ ነገርኩት፤ እሱ ምን ብሎ እንደነገራት እንጃ፣ ደነገጠችና ሆዴን ነካካችኝ። ታማለች ያላት ይመስለኛል። በኋላ ገባት። ድንች ቀቀለችልኝ፤ በጨው። ባለቤቲቱም ከኔ ጋር ድንች ብቻ በላች። እንዲህ ያለች ሴት ናት፤ በሷ ላይ ክፉ አልናገርም።

ማክሰኞ የሚሠሩትን አሳየችኝ። ባዝራዋ የምትጠቃበት ቤት መሬቱ ሁሉ ምንጣፍ ነው። ለባዝራዋ ኋላ እግሯ ላይ ለስላሳ ጫማ ያደርጉላታል፣ ብትራገጥ ድንጉላው እንዳይጎዳ። መጀመሪያ ግን አንድ አጭር የልጆች ፈረስ ያመጣሉ። እሱ ያሽታታል፣ ያሽኮረምማል፣ ባዝራዋ ፈልጋ እንደሆነ ያዩበታል። ፈልጋ ከሆነ እሱን ይጎትቱና ይወስዱታል፤ ትልቁን ያመጣሉ። የዚያ የአጭሩ ፈረስ ሥራ ዕድሜ ልኩን ይኸው ነው። አዘንኩለት። ሌላም ነገር ነገረችኝ፤ የሩጫ ዘር ፈረስ መቼም ይወለድ፣ ዕድሜው የሚቆጠረው ከፈረንጅ ዓመት መባቻ ነው። ስለዚህ ሁሉም ቶሎ ማስያዝ ይፈልጋል፣ ውርንጭላው ቀድሞ እንዲወለድ። ወቅቱ ካመለጠ አመለጠ።

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረና በረዶ ጣለ። የኛ በረዶ ባቄላ ያህላል፤ የዚያ አገሩ ዕንቁላል ያህላል። አንድ የዛፍ ቅርንጫፍ ወድቆ የቦራን አጥር ሰበረው። እኔና ሚስ ጁን ሁለት አሮጊቶች ምን እናድርግ፣ ገመድ ስንፈልግ ከማዶ አንድ ሰው መዶሻ ይዞ መጣ። ራሞን ይባላል፤ ሜክሲኮ ነው አገሩ። አጥር ለአጥር ነው የሚኖሩት። ማንም ሳይጠራው፣ በጭቃ ውስጥ፣ ሳንቃውን መትቶ አቆመልን። ሲጨርስ ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሳኝ። ከመጣሁ ጀምሮ ያገኘሁት የመጀመሪያ ጎረቤት እሱ ነው። እሱም አንዲት ነጣ ያለች ባዝራ አለችው፤ ቀኑን ሙሉ አጥሩ ላይ ቆማ ቦራን ትጠራዋለች፤ እሱም ይመልስላታል። ፈልጋለች። ያን ለማወቅ አጭር ፈረስ አያስፈልገኝም።

ረቡዕ ጠዋት ሚስ ጁን ለጥርሷ ሐኪም ዘንድ ሄደች፤ ስልኳንም ይዛ ሄደች። ሠራተኞቿም በረዶ የጎዳውን የወዲያኛውን ሜዳ አጥር ሊጠግኑ ወጥተዋል። እኔ የቦራን ውኃ እየቀዳሁ ነበር። ቀና ስል ራሞን መጣ።

በአንድ እጁ ባዝራይቱን ይስባል። በሌላው አንድ እቅፍ ሣር፣ አልፋልፋ የሚሉትን፣ ይዟል።

ምን ልበላችሁ። ባሌን ያስታወሰኝ ያ እቅፍ ሣር ነው። ሰውየው ምንም አልጠየቀኝም። አሁን ሳስበው ሣሩን ለፈረሳችን ስጦታ ብሎ ነው ያመጣው፤ ባዝራዋን ደግሞ ወደ ሌላ ሜዳ እየወሰዳት ነበር፤ በኋላ እንደዚያ አለ። እኔ ግን ሣርና ባዝራ ባንድ ላይ አየሁ። ትናንት አጥራችንን በጭቃ ውስጥ ያቆመ ጎረቤት፣ ዛሬ ሣር ይዞ በራፍ ላይ ቆሟል። ምን ፈልገህ ነው ልበለው?

በሩን ከፈትኩት። «ግባ፣ ግባ፣ እሳትና ዘር አይከለከልም» አልኩት።

«ሴኞራ፣ ኖ፣ ኖ...» አለ፤ ወደ ሚስ ጁን ቤት አየ። ይግደረደራል አልኩ። እኛ ዘንድ እንግዳ ሲግደረደር ይለመናል። እጁን ይዤ አስገባሁት። ቦራ ባዝራይቱን አይቶ እየጋለበ ሲመጣ ደግሞ ከዚያ ወዲያ ለመከልከል ጊዜም አልነበረም። የፊት እግሯን አንሳልኝ ብዬ በእጄ አሳየሁት፣ እንዳትራገጥ፤ ገባው። ሳቀ ሰውየው፤ ባርኔጣው ወደቀ። ሁሉም በሰላም ሆነ። አንድም ነገር አልተጫረም። ቦራን ከፍ ዝቅ አድርጌ መረቅሁት፤ ዘርህ ይብዛ፣ ባለቤትህ ይረፍ አልኩት። አሜሪካ ከገባሁ ሆዴ ደስ ያለው ያን ጠዋት ብቻ ነው። ዘላለም ሲመጣ እነግረዋለሁ ብዬ ነበር፤ ድንጉላህ ወንድ ነው፣ አይቻለሁ ልለው።

ሚስ ጁን መኪናዋን በሩ ላይ ሳታጠፋ ነው የወረደችው። ጋጣው ላይ ካሜራ አለ ለካ፤ ሁሉንም ሐኪሙ ዘንድ ተቀምጣ በስልኳ አይታዋለች። ፊቷ አመድ መስሏል። ስልኳን ወደ አፏ አስጠጋች፤ ያ የወንድ ድምፅ «ምን አደረጉ? ምን አደረጉ?» አለኝ። አዋጁም እየተንቀጠቀጠ መሰለኝ።

ወዲያው የከብት ሐኪም መጣ። ከድንጉላውም ከባዝራዋም ለምርመራ ፈሳሽ በጥጥ ወስዶ ጠርሙስ ውስጥ ከተተ። ለዘላለም ደወሉለት። ስልኩን ለኔ ሰጡኝ።

«እማ፣ ገብታለች? የራሞን ባዝራ?»

«አዎ ልጄ። ጎረቤት ነው። ሣር ይዞ...»

የመኪናው ሞተር ይሰማኛል። «እሺ» አለ። «እሺ እማ። እመጣለሁ።»

ሐሙስ በማለዳ የመጀመሪያዋ ባዝራ መጣች። ተጎታች መኪና ውስጥ ናት፤ ጭራዋ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሏል፣ እንደ ሙሽራ። ሚስ ጁን በሩ ድረስ ሄዳ ከሰውየው ጋር ተነጋገረች። ሰውየው አልተቆጣም። ራሱን ነቅንቆ መኪናውን አዞረ። እኔ ከመስኮት ሳየው፣ ያ ነጭ ጭራ እየራቀ እየራቀ ሄደ። ብጮህ ማን ይሰማኛል፣ በምን ቋንቋ?

ዘላለም ከቀትር በፊት ደረሰ። ትልቁን መኪና መንገድ ዳር አቁሞ ወገቡን ይዞ በእግሩ መጣ። ወደኔ አይደለም የመጣው መጀመሪያ፤ ወደ ቦራ ሄደ። ግንባሩን ግንባሩ ላይ አድርጎ ቆመ። ከዚያ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። እግሩ ላይ ልወድቅ ስል ያዘኝ።

«ተወኝ ልጄ፣ ስደበኝ።»

«ምንም አይደል እማ።»

«ስደበኝ እኮ ነው የምልህ።»

«አባዬም ቢሆን ይከፍትለት ነበር» አለኝ።

ይኸን ሲል ቀስ ብሎ ነው፣ ሊያጽናናኝ ነው። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ውጤቱ በአራተኛው ቀን መጣ። ባዝራይቱ ማህፀኗ ውስጥ በሽታ አለባት። ከላይ አይታይም፤ ትበላለች፣ ትሮጣለች፤ ራሞንም አያውቅም። ከባዝራ ወደ ድንጉላ ይሄዳል፣ ድንጉላው ደግሞ ለሚቀጥለው ሁሉ ያደርሳል። ቦራም ላይ ተገኘ። ይድናል አለ ሐኪሙ፣ እየታጠበ፣ እየተመረመረ፤ ግን ወቅቱ ያልፋል። የቀሩት ሦስቱ ባዝሮች አንድ በአንድ ቀሩ። የፈረስ ሰው ወሬ እዚያም እዚህም አንድ ነው፤ በነጋታው ሁሉም ሰምቷል። የዘላለም ድንጉላ በሽታ አለበት፣ በሩም ለመጣው ሁሉ ይከፈታል ተባለ። ሁለተኛ ማን ያምነዋል?

ራሞን አጥሩ ማዶ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ቆሞ አለቀሰ። እኔም ወዲህ ቆሜ አለቀስኩ።

ሚስ ጁን ለዘላለም ፈረሱን እዚህ ማቆየት አልችልም አለችው። የሰው ባዝሮች አደራ አሉብኝ አለች። እውነቷን ነው። ይህን ስትል እጄን ይዛ ነበር፤ እጇ እንደኔው ሻካራ ነው።

ሪቻርድሰን ስመለስ ሰብለ ወጥ ቤት ውስጥ «እማማን እዚያ ብቻቸውን የተዋቸው ማነው? አንተ ነህ! እሳቸው ምን ያውቃሉ?» ስትለው ሰማሁ። እሱ «ከኔ በላይ ታውቃለች» አላት። እኔ መኝታ ቤት ቁጭ ብዬ ነጠላዬን በአፌ ያዝኩ። ሁለቱም ስለኔ እየተከራከሩ ነው፣ ሁለቱም ለኔ አዝነው።

እሑድ ለቄሱ ነገርኳቸው። ንስሐ ስጡኝ አልኳቸው። «እናቴ፣ ይህማ ኃጢአት አይደለም፣ ደግነት ነው» አሉኝ። ኃጢአት ቢሆንማ ይሰገድበታል፣ ይጾምበታል፣ ያልቃል። ይኸኛው በምን ያልቃል?

በሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ ቦራን ወሰዱት። ሰው ፈረስ መጋለብ የሚማርበት ቦታ ነው የገዛው። እዚያ ድንጉላ አያስገቡም፤ እንደደረሰ ሊኮላሽ ነው። መኪናው ላይ አልወጣም ብሎ አስቸገረ። ሦስት ወንድ ገመዱን ቢስበው እንቢ አለ። ዘላለም አየኝ። ገመዱን ተቀበልኩና አፍንጫው ውስጥ ተነፈስኩለት፤ ጆሮውን ጣለ፤ ተከትሎኝ ወጣ። እኔ ነኝ ያወጣሁት። በዚህኛውም እጄ አለበት።

ዘላለም በነጋታው ጭነት ይዞ ወጣ። መኪናው ላይ ሲወጣ ሁለት እጁን በሩ ላይ ጭኖ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ቆይቶ፣ ከዚያ አንድ እግሩን አነሳ። ሌላውን እግሩን በእጁ ነው ያነሳው። ልጄን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት እንዲህ ሆኖ ነው።

ሰብለ ኤርፖርት አድርሳኝ ወደ ሥራዋ ሄደች። ማዕበል መጣ ተብሎ በረራው ቀረና ግሬፕቫይን በሚባል ከተማ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ፣ ሆቴል አስገቡን። በበነጋው ጠዋት ክፍሌን ልታጸዳ የመጣች ሴት ፊቴን አይታ «ሐበሻ ነዎት እንዴ?» አለችኝ። ዘይነባ ትባላለች፣ የወሎ ሰው ናት። አልጋውን ማንጠፏን ትታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ከኪሷ ቴምር አወጣችልኝ። እረፍቷን ሁሉ ለኔ ሰጠችኝ።

«ልጅ ጠይቀው ነው?»

«ልጅም፣ ፈረስም።»

«አዩት ፈረሱን?»

«አየሁት።»

«ያማረ ነው?»

«በጣም ያማረ ነው» አልኳት። እሷም ቴምሩን በነጠላዬ ጫፍ ቋጠረችልኝና ወደ ሥራዋ ተነሳች።

ከዚያ በሰማይ አንድ ቀን፣ ከዚያ ባሕር ዳር፣ ከዚያ ሚኒባስ። ማንም ወዴት ነው አላለኝም፣ ደግ አደረጉ። አገሬ ስገባ ድንቼ ሳይተከል ከረጢት ውስጥ በቅሎ፣ ነጭ ጭራ አውጥቶ ጠበቀኝ።

ሰው ሁሉ እንኳን ደህና መጣሽ ሊለኝ መጣ። ለሁሉም ዘላለም ደህና ነው አልኩ። አያ ጥላዬ ግን ጎረቤቴ ነው፤ የባሌ ጓደኛ፣ እሱም እንደሱ በፈረስ ያረጀ፤ ከሱ አንድም ነገር አይሸሸግም። ሌላው ሰው ከሄደ በኋላ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኩት፤ ሣሩን፣ በሩን፣ በሽታውን፣ ነጩን ጭራ፣ ልጄ እግሩን በእጁ ሲያነሳ። ዱላውን አገጩ ሥር አድርጎ ሰማኝ። ስጨርስም እንግዲህ ይፈርድብኛል ወይ ያጽናናኛል ብዬ እጠብቃለሁ።

ቀና አለና «ለመሆኑ እታለም፣ ባዝራይቱ ጽንስ ያዘች?» አለኝ።